የብረት እንክብል ለአንጀት ብግነት ድካም፦ መቼ ይሠራል?

ባለ 200 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት እንክብል ውስጥ ያለው ብረት 65 ሚሊግራም ገደማ ነው። ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይትስ የተባለው የአንጀት ብግነት ሕመም በመድኃኒት ጋብ ብሎ ድካሙ ካልለቀቀ፣ ፌሪቲንም (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ30 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች ከሆነ፣ ርካሽና በቂ ምርጫ ነው።

ብግነቱ ሲያገረሽ ግን ብዙም አይረባም። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ብረቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ይዘጋዋል፤ ፌሪቲን እስከ 100 እያሳየም እጥረት ሊኖር ይችላል። ያኔ በደም ሥር የሚሰጠው ይሻላል።

በቀን አንድ፣ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ትርፉ የሆድ ቁርጠት ነው። ከሻይ፣ ከቡናና ከካልሲየም ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ትልቁ ጉድለቱ ሰገራ ማጥቆሩ ነው፦ ደም መፍሰስን ሊሸፍን ይችላል። ሰልፋሳላዚን ወይም ሜቶትሬክሴት የተባለውን የብግነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ሊያንሰው ስለሚችል እሱንም ያስመርምር።