ዕቁብ ወይስ የባንክ ብድር፦ መታመን ለነጋዴ ያለው ዋጋ
መርካቶ ውስጥ ሱቁን ማስፋት የሚፈልግ ነጋዴ ባንክ ቢሄድ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ይጠየቃል፤ ወለድም ይከፍላል። ዕቁብ ግን ወለድ የለውም፤ መያዣውም የሰው ስም ነው። ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን የሚረከበው ቀሪውን መዋጮ እንደማያቋርጥ ዋሶች ከፈረሙለት በኋላ ሲሆን፣ እነዚህን ዋሶች በአንድ ጀምበር አያገኛቸውም፤ የዱቤ ዕዳውን በቀጠሮው እየከፈለ ለዓመታት ያፈራቸው ናቸው። ዕቃ በአስቸኳይ ማንሳት ሲኖርበት፣ የዕቁቡን ዳኛ አስፈቅዶና ባለዕጣውን አግባብቶ ተራ መለወጥ መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ የመታመን ትልቁ የገንዘብ ጥቅም ነው። ሕንፃ ለሚገነባ ወይም ማሽን ለሚያስመጣ ሰው ግን፣ የዕቁብ ገንዘብ ከአባላቱ አቅም ስለማያልፍ፣ በረጅም ጊዜ የሚመለሰው የባንክ ብድር ይሻለዋል።