ጅማ ላይ ልጅን ሦስተኛ ቋንቋ ማስጀመር፦ የክረምት ክፍል፣ ኡስታዝ፣ የቤት አስጠኚና ዱኦሊንጎ ሲመዘኑ

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ምሰሶው ሁሉ የክረምት ትምህርት ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት "ፈረንሳይኛ ይሻላል ወይስ ቻይንኛ?" ብለው ነው። ጅማ ላይ ግን ቋንቋውን የሚወስነው በአብዛኛው አስተማሪው ነው፤ ዘንድሮ ጥሩ ሆኖ ከርሞ የማይገኝ ከሆነ የተማሩት ሁሉ እስከ ጥር ይረሳል።

ማስታወቂያዎቹ በሚሉት፣ ልጅ "በሁለት ወር አቀላጥፎ ይናገራል" በሚለው ተስፋ እንጀምር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስምንት ሳምንት ቢማር 36 ሰዓት ይሆናል። በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤ1 የሚባለው፣ ለፈረንሳይኛ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ከክረምት ክፍል የሚጠበቀው ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ራስን ማስተዋወቅና የድምፆቹን አነጋገር በደንብ መያዝ ነው። ይህንን በሐቀኝነት የሚነግር ማስተማሪያ ቤት ካለ፣ እዚያ ቢመዘገብ ይሻላል።

ክፍሉን ሳያዩ አይክፈሉ። 30 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ከ90 ደቂቃው ግማሹን መምህሩ ቢናገር ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ከ12 ልጅ በላይ ከሆነ በሁለት ፈረቃ ይከፈል እንደሆነ ይጠይቁ። ሌላው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የጅማ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ይጮኻል፣ ልጆቹም እየጮኹ ይደግማሉ፤ አዲስ ድምፅ ደግሞ በጩኸት አይያዝም። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቱን ፈረቃ ይምረጡ።

ከሁሉም የተሻለ ውጤት የሚጠበቀው ከዓረብኛ ነው፣ በተለይ ቃዒዳ (የዓረብኛ ንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ) ለጨረሰ ልጅ። 28ቱን ፊደላት ያውቃል፤ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው ከሚከተላቸው ፊደል ጋር እንደማይያያዙም ለምዷል። የጎደለው ትርጉሙ ነው። ደረጃውን ለማወቅ ሐረካ (አናባቢን የሚያሳዩት ምልክቶች) የሌለበት አንድ አጭር መስመር ይስጡት። ቢደናቀፍ አያስደንግጥ፤ ፈትሐና ከስራ በሚባሉት ሐረካዎች ላይ ተደግፎ ያነበበ ልጅ ቃሉን ካላወቀው ያለ እነሱ ማንበብ አይችልም። መድኃኒቱ የቃላት ትምህርት እንጂ ተጨማሪ ንባብ አይደለም።

አነጋገር ላይ የጅማ ልጅ ጥሩ መነሻ አለው። በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) የሚያነብ ከሆነ አናባቢ ሲረዝም ሁለቴ መጻፉን ስለለመደ መድ (አናባቢን ማስረዘም) አያስቸግረውም። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ "ገና" የሚለውን ጠብቆም ላልቶም ስለሚያውቀው ሸዳን (ተነባቢን ማጥበቅ) ቶሎ ይይዛል። የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። ዐይንና ሓ በፊደላችን ቢኖሩም በአፋችን ከአና ከሀ አይለዩም። ጧእ እንደ እኛ "ጥ" ፈንድታ ትወጣለች፣ ቃፍም እንደ "ቅ"፤ ይህ ልማድ ካደረ ስለማይለቅ ኡስታዙ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ ሊሰጠው ይገባል።

አስተማሪውን ለመፈተን ሥዕል አሳይተው ለሁለት ደቂቃ በዓረብኛ እንዲገልጹት ይጠይቁ። በተጅዊድ (በቁርኣን አነባበብ ሥርዓት) የተካኑ ሆነው ወሬ ላይ የሚቆሙ ኡስታዞች አሉ። በተቃራኒው ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ የተመለሰች ጎረቤት አቀላጥፋ ትናገርና ማንበብ አትችል ይሆናል፤ የምትናገረውም የባሕረ ሰላጤውን የአነጋገር ዘይቤ ነው። ሁለቱን አጣምሩ፦ ንባቡን ከኡስታዙ፣ ወሬውን ከእሷ። ዋጋውም ከማንኛውም ማስተማሪያ ቤት የሚረክስ ይመስለናል።

ፈረንሳይኛ ላይ "ዥ" እና "ኝ" በአማርኛ ስላሉን ግማሹ መንገድ ቀላል ነው። በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችና ከንፈር አሹሎ "ኢ" የሚባልባት ድምፅ ግን ጥሩ ጆሮ ያለው መምህር ይጠይቃሉ። የቃል መጨረሻ ላይ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ብዙ ስለሆነ፣ ልጁ ሳያይ ሰምቶ፣ ከዚያ አይቶ ይማር። አሊያንስ የሚባለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም ያለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ የተዘጋጀውን ዴልፍ ፕሪም የሚባል ፈተና ለማስፈተን ያሰበ ወላጅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአዲስ አበባ መንገድ ከነማደሪያው ያስላ።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላለ የቁቤ ተማሪ ፈረንሳይኛን በጽሑፍ ባይጀምር እንመክራለን። በቁቤ "ሲ" የምትባለው ፊደል "ጭ" ናት፣ "ኤክስ" ደግሞ "ጥ"። በዚያው ዓመት እንግሊዝኛው እነዚሁን ፊደላት ሌላ ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ የእንግሊዝኛውን "ካት" (ድመት) "ጫት" ብሎ የሚያነብ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ሁለቱን ገና አልለየም ማለት ነው። (ጅማ ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።) አሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ሳያምታታ እስኪያነብ መጠበቅ ነው። ዓረብኛ የራሱ ፊደል ስላለው ይህ ችግር አይነካውም።

ቻይንኛ ችግሩን ያባብሰዋል። ፒንዪን በሚባለው የላቲን አጻጻፍ "ኪው" ለ"ች" የቀረበች ድምፅ ናት፣ በቁቤ ግን "ቅ"። በዚያ ላይ አራት የድምፅ ቃናዎች አሉ። ዋይሲቲ የሚባለው የልጆች ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ 80 ቃላት ብቻ ስለሚጠይቅ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ክፍሉ ከዚያ በታች የሚሰጥ ከሆነ ለመዝናኛ ነው የሚከፍሉት።

ዱኦሊንጎ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ በአማርኛም በኦሮምኛም የተሠራ ትምህርት የለውም፤ ልጁ ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ በኩል ነው የሚማረው። ስለዚህ ከ5ኛ ክፍል በታች አይሆንም። በነጻ የሚሰጠው ዓይነት በመሃል ማስታወቂያ ያሳያል። ትልቁ እንከኑ ግን ሳይቋረጥ የተማሩባቸውን ቀናት የሚቆጥረው የእሳት ምልክት ነው፦ ልጆች እሳቷ እንዳትጠፋ ብለው ያንኑ ቀላል ትምህርት ደጋግመው ይነካሉ፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ እውቀቱ ባለበት ይቆማል። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ተቀብለው በቃሉ አምስት ዓረፍተ ነገር ያስብሉት። በዓረብኛው ፊደል ያስለያል፤ በእጅ ለመጻፍ ግን ደብተር ይጨመርበት።

የቤት አስጠኚ ከሆነ ለ45 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ከሁለት ረጅም ቀን ይበልጣል። ክፍያው በክፍለ ጊዜ ተቆጥሮ በወሩ መጨረሻ ይሁን፤ ዝናብ ያስቀረው ቀን ይካካሳል ወይስ ይቀነሳል የሚለውንም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነጋገሩ። የክረምቱን ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ሌላ ይፈልጉ።