ለአዳማው የቮልስ መካኒክ እና ለቮልስ ቤተሰቦቼ

ትናንት ማታ ከአሰላ ተመለስኩ። በቮልሴ ሄጄ፣ እናቴ ዘንድ አድሬ፣ በቮልሴ ተመለስኩ። ለብዙ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን ይህን መንገድ በራሴ መኪና ሳልወጣው አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን ሳልጽፍ አልውልም።

የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። "ሥራዬን ያየ ይምጣ" አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። እዚህ ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ፤ እንዴት እንደምታገኟቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ናት። ከአንድ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛኋት። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ "ዘይቷን አትርሺ፣ ጠዋት አታስቸኩያት" ብለው በእጃቸው ኮፈኗን ዳበስ አደረጓት። ያን ቀን ነው ከዕቃ የበለጠ ነገር እንደተቀበልኩ የገባኝ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጉልበት ማጣት ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ትንገጫገጫለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ቀየሩ። ካርቡሬተር አጸዱ። ቀጥሎ ሞተሩን አውርደው መለሱት። በየጊዜው ከፈልኩ፣ በየጊዜው ባሰባት። በመጨረሻ "ይሄ ብረት አልቆለታል፣ የሚገዛ ካለ ሽጪው" ተባልኩ። አልሸጥኳትም።

ጥቅምት ውስጥ እናቴ አመማት ተብዬ ወደ አሰላ ተነሳሁ። ዴራን አለፍኩ። ወደ ኢተያ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ሦስተኛ ማርሽ አልጎትት አላት፤ ወደ ሁለተኛ ወረድኩ። ከዚያ ሁለተኛም እምቢ አለ። የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፣ እየተንተፋተፈች ዳር ይዛ ቆመች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የማውቀው መካኒክ የለም።

በቴሌግራም አንድ የቮልስ ባለቤቶች ግሩፕ ውስጥ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቀን አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር፤ የሌሎችን ብቻ ነበር የማነበው። ያን ቀን የሞተሩን ፎቶ አነሳሁና "ዴራና ኢተያ መሃል ቆሜያለሁ፣ ብቻዬን ነኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ቺንጋው አለ? ቀዩ መብራት በርቷል?" የሚል ነበር። ቺንጋ ማለት ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚቀድም ያኔ አላውቅም ነበር። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃም አትጠጣም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚገፋውን ማራገቢያ የሚያዞረው ያው ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ የዲናሞው መብራት ይበራል፤ መብራቱ በርቶ መንዳት ማለት ሞተሩን መጥበስ ነው። የእኔ ቺንጋ ደህና ነበር። "እሺ ዘይቱን እዪው"፣ "ቀዝቅዛ እስክታበቃ አታስነሺ"፣ "ጥላ ፈልገሽ ተቀመጪ እህቴ"፣ "ውሃ ይዘሻል?" ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅማ። አንዱንም በአካል አላውቀውም።

አንዱ ደግሞ "ከአሰላ እየመጣሁ ነው" ብሎ ጻፈ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ነጭ ቮልስ ከዳገቱ ወረደች፤ መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አድርጋ አጠገቤ ቆመች። ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ትርፍ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ለእኔ ደግሞ ሙዝና ዳቦ አወጣ። ሞተሩን አስነስቶ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። አንደኛውን ሲነቅል ድምፁ ወረደ። ሁለተኛውንም፣ አራተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲነቅል ምንም አልተለወጠም። "ይቺ አትሠራም። አዳማ ጋሼ ጋ ነው የሚያበቃው" አለኝ።

ወደ አዳማ ባዶ የሚመለስ አይሱዙ አስቆመ። ሹፌሩ ኋላውን ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ጉብታ ጋር አስጠጋ። መኪናዬ 800 ኪሎ ገደማ ናት። የአካባቢው ልጆች ተሰብስበው ገፍተው አስገቧት። ባለ ነጭ ቮልሱ ሰው እኔን ደግሞ በራሱ መኪና እናቴ ጋ አደረሰኝ። ለነዳጅ ልስጥህ ብለው አልተቀበለኝም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ግቢያቸው ከወንጂ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ትልቅ ምልክት የለውም። ሦስት ቮልሶች በአንድ የግራር ዛፍ ሥር ተደርድረው ታያላችሁ፤ ያ ነው። ስደርስ ጋሼ ስለ ዋጋ አላወሩም፣ ስለ መኪናዋ ጠየቁኝ። መቼ ጀመራት? ዳገት ላይ ብቻ ነው? ማን ነካት? ከዚያ የጭመቃ መለኪያ አምጥተው አራቱንም ሲሊንደሮች ለኩ። ሦስቱ ከ7 እስከ 8 ባር አሳዩ። ሦስተኛው 3 ላይ ቀረ። ቁጥሩን እኔው ራሴ እንዳነብ መለኪያውን ወደ እኔ አዞሩት። ያለፈው ጋራዥ ያን ሁሉ ጊዜ ሲነቅልና ሲተክል ይህን አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ አልሠራም ነበር።

የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ጋሼና አንድ ረዳታቸው ክሪክ ከሥሩ አስገብተው አንድ ሰዓት ሳይሞላ አወረዱት። ግራውን ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ከፍተው የሦስተኛውን የጭስ ቫልቭ (የተቃጠለውን ጭስ የሚያስወጣውን በር) አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጠርዙ ተበልቶ ነበር፣ ልክ አይጥ የጎረሰችው ቂጣ ይመስላል። ቴስታታው ራሱም በሁለቱ ቫልቮች መሃል ተሰንጥቋል።

"ለምን ሦስተኛው?" ስላቸው እርሳስ አንስተው ካርቶን ላይ ሣሉልኝ። በእኔ ዓይነት ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ከሦስተኛው በላይ ነው ያለው። ነፋሱ ማቀዝቀዣውን አልፎ፣ ሞቆና ቀንሶ ነው ሦስተኛው ጋ የሚደርሰው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ለእ.ኤ.አ. 1971ዱ ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ አውጥቶ የራሱን የነፋስ መንገድ ሠርቶለታል። "የአንቺዋ ግን ከዚያ በፊት ናት፣ ስለዚህ ተንከባከቢያት" አሉኝ።

ግን በዚህ አላበቁም። አሮጌ ቮልስ ሁሉ ሦስተኛው አይቃጠልም፤ የእኔዋ ለምን ተቃጠለች? ሞተሩን ዙሪያውን ዞረው አዩ። በሞተሩና በመኪናዋ አካል መሃል ያለው የጎማ መዝጊያ የለም። አንድ ቆርቆሮም ጎድሏል። ያለፈው ጋራዥ ሞተሩን ሲመልስ ትርፍ መስሎት ይሆናል፣ አልገጠመውም። እነዚህ ነገሮች ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር የሚለዩ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ማራገቢያው የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። አዳማ ሙቀት ላይ፣ አሰላ ዳገት ላይ፣ ውጤቱን መዳፌ ላይ አይቼዋለሁ። ጋሼ ቆርቆሮውን ከሌላ ሞተር ላይ ለክተው፣ በመቀስ ቆርጠው፣ ጠርዙን ቀጥቅጠው ሠሩት። ቀለምም ቀቡት። ማንም የማያየውን ቆርቆሮ!

የቀረው ቴስታታ ነበር። ጋሼ የነበራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ከሃዋሳ አንድ ሰው መለሰልኝ፤ ከ1300 ሞተር የወረደ፣ ያልተሰነጠቀ ቴስታታ አለው። በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ጫነው፣ ከሰዓት አዳማ መናኸሪያ ተቀበልኩት። ስንት ልላክ ብዬ ብጠይቀው "ለእኔም ዲስትሪቡተር ከድሬዳዋ በነጻ ነው የመጣልኝ። አንቺም ተራሽ ሲደርስ ላኪ" አለኝ። ተራዬ ጥር ላይ ደረሰ። ጅማ ላለች አንዲት እህት የመስኮት ጎማ ላክሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ብዙ ግሩፕ አይቻለሁ። ሁለት ወር ሞቆ ሦስተኛው ወር ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ ብቻ የሚቀርበት ብዙ ነው። ይሄኛው ለምን እንደቆየ ሳስብ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ልጁ ታሞበት ለሕክምና ብሎ ቮልሱን የሸጠው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ልጁ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪና ግን እስካሁን የለውም። ሆኖም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው "አልነሳ አለችኝ" ብሎ ቢጽፍ መጀመሪያ የሚመልሰው እሱ ነው። ያን ቀን "ቺንጋው አለ?" ብሎ የጠየቀኝም እሱ ነበር።

መኪናዋም ታግዛለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተመርተዋል። የአንዷ ቺንጋ ለሌላዋ ይሆናል፤ የአንዱ ሰው ችግር የሌላው ሰው ችግር ነበር። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ያለንን መጠበቅ አለብን የሚለው ሐሳብ በረታብን።

ስለ ጋሼ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ቀርፋፋ ናቸው። የእኔ ሥራ 19 ቀን ፈጀ። ለነገ አድርሱልኝ የምትሉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ቮልስ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ቪትዝ ይዤ ልምጣ ያለችኝን ጓደኛዬን በትሕትና መልሰዋታል። ያወለቁትን ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው ይመልሱላችኋል። የእጅ ዋጋ የከፈልኩት 14 ሺህ ብር ነው። የነዳጅ ጎማዎቹን በሙሉ ሳልጠይቃቸው ቀየሩና የጎማውን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። "ያረጀ ጎማ ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ያፈስሳል፤ እሳት ነው፣ በዚህ አልደራደርም" አሉ። እናንተም ቮልስ ካላችሁ ዛሬውኑ እዩት፣ እባካችሁ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። "ነገ 12 ሰዓት ጠዋት ነይ፣ ሞተሯ አድሮ የቀዘቀዘ መሆን አለበት" አሉኝ። ሄድኩ። ጃኬታቸውን መሬት ላይ አነጠፉልኝና ሥሯ አስገቡኝ። የቫልቩን ክፍተት ራሴ እንድለካ ስሷን መለኪያ ሰጡኝ። እሳቸው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው የሚያደርጉት። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሲሞቅ ተዘርግቶ በደንብ አይዘጋም፣ እሳቱም ጠርዙን ይበላዋል። ስምንቱንም ቫልቭ ራሴ ሠራሁ። ሁለቱን ተሳሳትኩ፣ ዝም ብለው አስደገሙኝ። አልተቆጡም፣ አልነጠቁኝም። ዘይቱንም ራሴ ቀየርኩ። ሁለት ሊትር ተኩል ነው፤ ማጣሪያ የላትም፣ ወንፊት ብቻ። ስለዚህ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሪ ብለውኛል፣ የአዳማ አቧራ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርከው። ያስተማሩኝን ለሌላ ሰው አስተምራለሁ። የአሰላው ወንድሜ፣ የሃዋሳው ወንድሜ፣ ሌሊት የምትመልስልን አንተም፣ ክፉ አይንካችሁ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን ፈቅደውልኛል። ሰኞና ዓርብ ጠዋት አይሠሩም። ስትሄዱ ሊብሬ ሳይሆን የመኪናችሁን ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማን ነካት፣ መቼ፣ ምን ቀየረ። እሱን ነው የሚጠይቁት።

የፊታችን እሁድ የአዳማና የቢሾፍቱ ልጆች በድሮው መንገድ እስከ ሞጆ እንወጣለን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋሼ ግቢ በር ላይ እንገናኝ። መኪና የሌለው ወንድማችን ከአዲስ አበባ በባቡር እየመጣ ነው። እስከ ሞጆ ቮልሴን የሚነዳው እሱ ነው፣ ቁልፉን አዘጋጅቼለታለሁ።