ፎቶው ላይ ያለው መኪና ዘንገና አልደረሰም

ባህር ዳር ያላችሁ ሰዎች፣ «የካምፒንግ መኪና ከነሙሉ ዕቃው እናከራያለን» የሚል ማስታወቂያ በስልካችሁ ከመጣ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይችን አንብቡ። እኔ 9 ሺህ ብር ከላክሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

ልጆቹ ፈተና ጨርሰው እረፍት ላይ ነበሩ። ሁለት ሌሊት ዘንገና ሐይቅ አድረን እንመለስ ተባባልን። ለማታውቁት፣ ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ ሲኬድ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ውኃ ሞልቶበት ነው የተፈጠረው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ጸጥ ያለ ኩሬ ይመስላል፤ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ነጭ ካራቫን ነው። አልጋ፣ ማብሰያ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ የውኃ ታንከር አለው ይላል። ሐይቁ አፋፍ ላይ ማደሪያ ፈቃድም «በእኛ በኩል ያለቀ ነው» ይላል። ከነሹፌሩ በሌሊት 9 ሺህ፣ ግማሹ በቅድሚያ። መኪናውን ልየው ብዬ ነበር። «ወንድሜ፣ አሁን ጎንደር ነው ያለው፣ ሐሙስ ማታ ይገባል። ዛሬ ካላስያዝክ ግን ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» አለኝ። ይሄን ስሰማ መጠርጠር ነበረብኝ። ላክሁ።

ዓርብ ጠዋት በራችን ላይ የቆመው አባዱላ ነው። የምናውቀው አባዱላ፣ የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ስፖንጅ ፍራሽ የተነጠፈበት። ትንሿ ልጄ ፎቶውን ሳምንቱን ሙሉ ስታየው ስለከረመች ዞር ዞር ብላ «አባዬ፣ ቤቱስ?» አለችኝ። የውኃ ታንከር የተባለው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። ሽንት ቤት የተባለው ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠ ክዳን ያለው ባልዲ። ሹፌሩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ይሄን ነው ውሰድ ያሉኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ እሱን ምን ልበለው? ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ቆመዋል። የባለቤቴ እናት ዳቦ ሲደፉ አድረዋል። ወጣን።

መርዓዊን፣ ዳንግላን፣ አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ ገባን። የቀርከሃ ወንበር ገዛሁ። ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው፣ አሁንም ተቀምጬበት ነው የምጽፈው።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጥበቃዎቹ በትሕትና «ስለ እናንተ ያናገረን የለም» አሉን። መግቢያውንም የማደሪያውንም ከኪሴ ከፈልሁ። እነሱ ጥፋት የለባቸውም።

ዋናው ጉድ ማታ ነው። ቦታው 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ማሞቂያ የለውም፤ የተሰጠን ብርድ ልብስ ለአምስት ሰው ሁለት ነው። ሹፌሩ ደግ ልጅ ነው፣ ሊረዳን ብሎ ከአካባቢው ፍም ከሰል በማንደጃ ይዞ መጣና መኪናው ውስጥ ሊያስገባልን ሲል አማቴ ጮሁበት። «በር ዘግተን ከሰል ይዘን ልንተኛ? አውጣው ልጄ!» በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የከሰል ጭስ የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም መተማመኛ አይሆንም። ጋቢ ደርባችሁ እደሩ።

ፍሪጁስ? ሠርቷል፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የተገናኘው ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ጋር ስለነበር እስኪነጋ ባትሪውን ጨርሶት አደረ። ደህና የካምፒንግ መኪና ለመብራትና ለፍሪጅ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ለብቻው አለው፤ እሱ ቢያልቅ እንኳ ሞተሩ ይነሳል። እኛ ግን ሥጋችን ተበላሽቶ፣ ጋቢ የለበሱ አምስት የሰፈሩ ሰዎች ገፍተውልን ነው መኪናው የተነሳው። ሁለተኛውን ሌሊት ማንም አላነሳውም፤ ወደ ቤት ተመለስን።

ባህር ዳር ስንገባ ስልክ የማያነሳው ሰውዬ ራሱ ደወለ። ቀሪውን 9 ሺህ ይፈልጋል። ያላደርንበትንም ሌሊት ጨምሮ ማለት ነው። በዚያ ላይ «የተፈቀደው 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትርፉ በኪሎ ሜትር 40 ብር ነው» አለኝ። ዘንገና ደርሶ መልስ 250 ግድም ነው። የምንሄድበትን ከመጀመሪያው ያውቃል። በ150 ኪሎ ሜትር ዘንገና ሄዶ የሚመለስ ወፍ እንኳ የለም። ውል የለኝ፣ ደረሰኝ የለኝ፤ ያለኝ የባንክ መላኪያ ነው፣ እሱም በግለሰብ ስም። ተከራክሬ የኪሎ ሜትሩን አስቀረሁ፣ ሌላውን ከፈልሁ።

አሁን ሳስበው፣ ታርጋውን እንኳ አላየሁም ነበር። ኮድ 2 ነው፣ የግል መኪና። ለግል አገልግሎት ኢንሹራንስ የተገባለት መኪና በኪራይ ሥራ ላይ ቢጋጭ፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። እኔ ልጆቼን ጭኜበታለሁ። እናንተ ታርጋውን፣ ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገኑን ስቲከር እዩ። ኪሎ ሜትሩንም ፈቃዱንም ወረቀት ላይ አስጽፉ። ደረሰኝ የለም ካላችሁ ተዉት፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። እና መኪናው «ጎንደር» ከሆነ፣ ከጎንደር እስኪመለስ ጠብቁ።

ፎቶውን በኋላ ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። «አጎቴ፣ መሪው እኮ በቀኝ ነው» አለኝ። እዚህ አገር የተነሳ ፎቶ እንኳ አይደለም።

ትናንት ማታ ያው ማስታወቂያ እንደገና ወጥቷል። ዋጋው 10 ሺህ ገብቷል። መሪው አሁንም በቀኝ ነው።