ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ቀዩን መብራት ቁጠሩ

ጎንደር ውስጥ፣ ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ «ዩዝድ ብራንድ» እየተባለ ከሚሸጠው ዴስክቶፕ መሃል ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የቢሮ ማሽን ነው፤ ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች በአዲስ ሲተኩት ወደ እኛ ይመጣል። ዕድሜው ገፍቷል፣ ጉልበቱ ግን አልከዳውም። ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር ያለው፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ከተደረገለት ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለዙምና ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በቂ ነው። ሰው የሚማረረው አልነሳ ሲል፣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ሲያጣ ወይም ዊንዶውስ አልጫን ሲል ነው፤ ያኔ ከብዙ ጥገና ቤት የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ማሽን ግን በሽታውን ራሱ ይናገራል፤ የጠፋው የሚያዳምጠው ነው።

ማብሪያውን ተጭናችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ የማብሪያውን መብራት ተመልከቱ። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ቁጠሩት፤ በሴኮንድ አንዴ እየበራ ይቆጥርና 2 ሴኮንድ አርፎ ይደግማል። አብሮት ጢጥ የሚል ድምፅ አለ፤ ድምፁ ከአምስት ዙር በኋላ ዝም ይላል፣ መብራቱ ግን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ከጆሮ ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ። 2 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሞቋል፣ 3 ፕሮሰሰሩ የለም ወይም አልተነበበም፣ 4 የኃይል ችግር ነው፣ 5 ራም፣ 6 ግራፊክስ፣ 7 ማዘርቦርድ፣ 8 ባዮሱ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ተበላሽቷል። ከእነዚህ አንዱንም ዊንዶውስ መጫን አያድነውም፤ ማሽኑ ገና ዲስኩ ጋ አልደረሰማ!

በብዛት የሚያጋጥመው 5 ነው፤ ከሁሉም ቀላሉም እሱ ነው። ማሽኑ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገጫግጮ ይመጣል፤ ራሙ ከቦታው ትንሽ ቢላቀቅ አይገርምም። ገመዱን ከኮረንቲ ንቀሉ፣ ራሞቹን በሙሉ አውጡ፣ ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ በስሱ ጠርጉና ብናኙን አራግፉ። ከዚያ አንድ ራም ብቻ ጥቁሩ ማስገቢያ ላይ አስገቡ፤ ቦርዱ አራት ማስገቢያ አለው፣ ጥቁሩ ባዶ መሆን የለበትም። ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪገጥሙ ድረስ ግፉት። ከተነሣ ሌሎቹን አንድ በአንድ እየጨመራችሁ አስነሡ፤ የተበላሸው ራም ወይም ማስገቢያ በዚህ መንገድ ይለያል። ራም ለመጨመር ካሰባችሁ የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ጠይቁ፤ ማሽኑ እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል። ከሰርቨር የወጣ ሬጅስተርድ ራም መልኩ አንድ ነው፣ ዋጋውም ያጓጓል፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። የላፕቶፑም ቁመቱ ስለሚያንስ አይገጥምም።

2 ሲቆጥር ነገሩ አቧራ ነው። የበጋው አቧራ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መሃል ያለው ፔስትም (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደርቋል። ማቀዝቀዣው በቶርክስ 15 ብሎኖች ታስሯል። እያንዳንዱን በየተራ፣ በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ፤ አንዱን ወገን ብቻ ብትፈቱ ብረቱ ያዘነብላል። የደረቀውን ፔስት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል መሃል ላይ አድርጉ፤ ብሎኖቹን ስትመልሱም በዚያው በሰያፍ ይሁን። ፔስት ሲበዛ ይበልጥ ያቀዘቅዛል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቱቦውን ተቀበሉት።

4 ሲቆጥር ሃርድ ዲስኩንና ሲዲ ማጫወቻውን ከኮረንቲያቸው ነቅላችሁ ሞክሩ። ብልጭታው ከቆመ ጥፋተኛው ከተነቀሉት አንዱ ነው፤ ካልቆመ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ቦርዱ ነው። የዚህ ማሽን ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይወጣል። ትንሹ ኬዝ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው ያለው፤ መሰኪያው የኤችፒ የራሱ ባለ 6 እግር እንጂ በየሱቁ የሚገኘው ባለ 24 እግር አይደለም። ቢቃጠል የሚተካው ከሌላ ተመሳሳይ ኤችፒ የወጣ ብቻ ነው፤ መቀየሪያ ገመድም አለ፣ ጎንደር ላይ ለማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል። ትንሹን ኬዝ ከገዛችሁ አንድ የተበላሸ አቻውን ለመለዋወጫ ብላችሁ ብትይዙ አትከስሩም።

መብራቱ ጭራሽ ካልበራስ? ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እዩ። እሷም ከጠፋች ኮረንቲ አልደረሰም፤ ዲቫይደሩን ትታችሁ ገመዱን ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰኩት፣ ገመዱንም ቀይራችሁ ሞክሩ። እሷ በርታ ማሽኑ እንቢ ካለ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ መልሳችሁ ሰኩ። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ «ሞተ» የተባለ ማሽን በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ አንድ ማስተካከያ አትርሱ፦ ኤፍ10 ተጭናችሁ ባዮስ ግቡ፣ አድቫንስድ ውስጥ «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚለውን «ኦፍ» አድርጉት። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ጉልበት ያልተረጋጋ ነው፤ ማሽኑ ያኔ ዊንዶውስ እያስነሣ እንዲሆን አትፈልጉም። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለማሽኑና ለስክሪኑ ሥራ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል።

«163» ብሎ ቀንና ሰዓት አልተሞላም የሚል ጽሑፍ በየማለዳው ከመጣ የቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፣ የሰዓት ሠሪ ሱቅም አይጠፋትም። ብዙ ሰው «ሰዓት ብቻ ነው የሚያዛባው» ብሎ ይተዋታል። ባትሪዋ ስትሞት ግን የባዮሱ ቅንብሮች ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ከእነሱም አንዱ ስቶሬጅ ውስጥ ያለው፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን ስልት (አይዲኢ ወይም ኤኤችሲአይ) የሚወስነው «ሳታ ኢሙሌሽን» ነው። ዊንዶውሱ በአይዲኢ ተጭኖ ቅንብሩ ወደ ኤኤችሲአይ ቢዞር፣ ወይም ተገላቢጦሹ ቢሆን፣ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 7ቢ የሚል ኮድ ያሳያችሁና እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። ዲስኩ ደህና ነው፣ ፋይላችሁም አለ፤ ቅንብሩን ወደ ነበረበት መልሱትና ባትሪዋን ቀይሩ። በዚህ ምክንያት ብቻ ፎርማት ተደርጎ የጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ያሳዝናል።

«1720» ከመጣ ግን አትዘናጉ፤ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ልሞት ነው እያለ ነው። ከሌላ ሥራ ሁሉ በፊት ፋይል ቅዱ። ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ማየት ይቻላል፤ 05 እና ሲ5 የተባሉት መስመሮች ከዜሮ በላይ ከሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን ቀይሩ። የበራበትን ሰዓትም ያሳያል፤ አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት መሆኑን አስታውሳችሁ አካፍሉ። ስትቀይሩ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ግዙ። ኤንቪኤምኢ የተባለውን አዲሱን የኤስኤስዲ ዓይነት በማገናኛ ካርድ ብትሰኩለት ባዮሱ ከእሱ ላይ አያስነሣም።

አሁን ወደ ዊንዶውስ ጭነቱ። የሂሳብ ሠራተኞች ለፒችትሪ፣ ጸሐፊዎች ለፓወር ግዕዝ ብለው ዛሬም ዊንዶውስ 7 ይጠይቃሉ፤ 8300 ላይ ግን ወጥመድ አለው። የዊንዶውስ 7 መጫኛ ዩኤስቢ 3ን አያውቅም። ፍላሹን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት መጫኛው ይነሣና መሃል ላይ «የሲዲ ድራይቨር ይጎድላል» ብሎ ይቆማል፤ ኪቦርድና ማውስም ሰማያዊው ላይ ካሉ ድርቅ ይላሉ። ፍላሹ የተበላሸ መስሏቸው ሦስት ጊዜ እንደገና የሚሠሩት አሉ። መድኃኒቱ ሁሉንም ወደ ጥቁሮቹ ቀዳዳዎች ማዞር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ጭነቱ ሲያልቅ ደግሞ ኢንተርኔት የለም፤ የኢንቴል 82579ኤልኤም የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ዊንዶውስ 7 ውስጥ ስለሌለ አስቀድማችሁ በሌላ ፍላሽ ያዙት። ለዚህ ሥርዓት የሚደረገው ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስላበቃ ከኢንተርኔት የተለየ የቢሮ ማሽን ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ዊንዶውስ 10 ኔትወርኩንም ዩኤስቢ 3ንም ራሱ ያውቃል፤ የሱም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ አይደገፍም፤ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ይህ ሦስተኛ ትውልድ ነው። «ዊንዶውስ 11 ጭነንለታል» የሚል ሻጭ መሥፈርቱን በጎን አልፎ ነውና ነገ ማሻሻያ እንቢ ቢል ማን ይመልሳል ብላችሁ ጠይቁ። ብሮውዘርና ቢሮ ሥራ ብቻ ለሚፈልግ ኡቡንቱ 24.04 ከሁሉም ያነሰ ራስ ምታት ነው፤ ግራፊክሱንም ኔትወርኩንም ድምፁንም ያለ ድራይቨር ሲዲ ያነሣል።

የመጫኛ ፍላሹን ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ስትሠሩ ቢያንስ ባለ 8 ጊጋ ይሁን። ትልቁ ስሕተት የፍላሹና የዲስኩ አሠራር አለመጣጣም ነው። ኤፍ9 ስትጫኑ የሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ አንዴ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) ሥር፣ አንዴ ሌጋሲ (አሮጌው) ሥር። ዲስክም የሚከፋፈለው በሁለት መንገድ ነው፤ ኤምቢአር አሮጌው፣ ጂፒቲ አዲሱ። በዩኢኤፍአይ አስነሥታችሁ ዲስኩ ኤምቢአር ከሆነ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ይላል፤ በሌጋሲ አስነሥታችሁ ዲስኩ ጂፒቲ ቢሆንም ያው ነው። ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ ምንም ሳትሰርዙ ከመጫኛው ወጥታችሁ በሌላኛው መንገድ ግቡ። ከሌለ ፓርቲሽኖቹን በሙሉ ሰርዛችሁ ባዶውን ቦታ ምረጡ፤ መጫኛው ራሱ ያስተካክለዋል። ባዮሱ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ፓስወርድ ካለበት ደግሞ ገመዱን ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ኢ49 የተጻፈባትን ትንሽ መዝጊያ አውጡ፣ ሰክታችሁ አስነሡ፣ አጥፍታችሁና ነቅላችሁ መልሷት። ቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ ቁልፍ የምታጠፋው ቅንብሩን እንጂ ፓስወርዱን አይደለም፤ እሷም ገመዱ ሳይነቀል ብትጫኗት አትሠራም።

ጭነቱ አልቆ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ከቀረ «ድራይቨር ፓክ» የሚባሉትን ሁሉን ጫኝ ፕሮግራሞች አትቸኩሉባቸው፤ ያልተጠየቀ ማስታወቂያና አሳሽ አብረው ይጭናሉ። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ በሞባይል ዳታ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ አብዛኛውን ያመጣል። የቀረውን በቁጥሩ ለዩ፦ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር አይዲ። 8086 አምራቹ ኢንቴል መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎ 1502 ከሆነ የኔትወርክ ካርዱ፣ 0152 ከሆነ ግራፊክሱ ነው። «ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለር» የሚለው ስሙ ሞደም ያስመስለዋል፣ ግን የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን ነው፤ ከኤችፒ ገጽ በ8300 ስም ይወርዳል። ዋይፋይ አብሮት አይመጣም፤ የዩኤስቢ ዋይፋይ ስትገዙ ድራይቨሩን እዚያው ሱቅ ፍላሽ ላይ አስገልብጡ።

ስትገዙ ሩብ ሰዓት ጠይቁ። ኬዙን አስከፍቱና ቦርዱ ላይ ያበጠ ካፓሲተር (እንደ ትንሽ ጣሳ የቆመው ዕቃ) ካለ እለፉት። ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ፣ ሰዓቱ ከተዛባ ባትሪዋን በሻጩ ወጪ አስቀይሩ። ሁሉንም ዩኤስቢ በአንድ ፍላሽ ሞክሩ። የስክሪኑን ገመድ አስቡ፤ ከኋላ ቪጂኤና ዲስፕሌይፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የለውም፣ ማገናኛው ለብቻው ይገዛል። ትልቁ ኬዝ 320 ዋት ፓወር ሰፕላይ ስላለውና እጅ ስለሚያስገባ ቦታ ካላችሁ እሱን ምረጡ። መለያውንም አንብቡ፤ ጎን ለጎን የሚቆመው 8200 በመልክ መንታው ነው፣ ግን የአንድ ዓመት ታላቁ ስለሆነ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 የለውም፤ በ8300 ዋጋ አትውሰዱት።