ድጎማ ወይስ የብድር ዋስትና?

መንግሥት ትናንሽ ቢዝነሶችን ከሚደግፍባቸው መንገዶች ሁለቱን ላነጻጽር።

በብድር ዋስትና ባንኩ ያበድራል፤ ተበዳሪው መክፈል ካቃተው መንግሥት ከኪሳራው ድርሻውን ይሸፍናል። በአሜሪካ እስከ 150,000 ዶላር ለሚደርስ ብድር ዋስትናው እስከ 85 በመቶ ይሄዳል። ደንበኛ ላለው ዳቦ ቤት ወይም ጋራዥ ይህ ይበቃዋል። ማሽኑን ይገዛል፣ ከሽያጩ ይከፍላል። ግን ልብ በሉ፦ ዋስትናው የሚጠብቀው ባንኩን ነው። የተበዳሪው ዕዳ አይሰረዝም።

አዲስ ነገር ለሚሞክር ሰው ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ ማነቆ ነው። ገና የሚሸጠው ነገር የለውማ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሴንሰር ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሰው ከምን ይክፈል? እዚህ ላይ ድጎማ፣ ማለትም የማይመለስ ገንዘብ፣ ይሻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረችው ኤስቢአይአር የተባለው የትናንሽ ቢዝነሶች የፈጠራ ምርምር ፕሮግራም ገንዘቡን በደረጃ ይሰጣል። መጀመሪያ ሐሳቡ እንደሚሠራ ለማሳየት ትንሽ፣ ካሳየ በኋላ ለማበልጸግ ከፍ ያለ። በምትኩ አክሲዮን አይጠይቅም። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

ድጎማም ጣጣ አለው። ማመልከቻው ረጅም ነው፣ መልሱ ወራት ይፈጃል። አንዳንዱ ባለቢዝነስ ደንበኛ መፈለጉን ትቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ይከርማል።