የጋብቻ መታሰቢያ እራት፦ ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ባህላዊ ምግብ ቤት በመስሚያ መሣሪያ ተጠቃሚ ዓይን

መስማት ለሚቸግረው ሰው፣ ከትዳር አጋሩ ጋር የሚበላበትን ቤት ሲመርጥ ከምግቡ በፊት የሚያሳስበው ጫጫታው ነው። ጠረጴዛ ስናስይዝ ችግሬን በመንገራችን ከድምፅ ማጉያው የራቀ ጥግ ተሰጠን፤ ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጥቼ ስቀመጥ፣ ከፊት የሚመጣውን ድምፅ የሚያስቀድመው የመሣሪያዬ ማይክሮፎን የባለቤቴን ንግግር ከኋላ ካለው ሁካታ ለየልኝ። አዳራሹን ባላይም ቅር አላለኝም፤ ከፊቴ የተቀመጠችው ትበቃኛለች። ለድባብ ተብሎ የበራው ሻማ ግን ከንፈር ለማንበብ ስለማይበቃ ተጨማሪ መብራት ጠየቅን፤ አስተናጋጁም ሳያጉረመርም አመጣልን፤ ከዚያም በኋላ ፊት ለፊቴ እየቆመ፣ ሳይጮኽ፣ ረጋ ብሎ ያናግረኝ ጀመር።

ዶሮ ወጡ ቁሌቱ በሚገባ የበሰለ፣ ቅመሙም የተመጠነ ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አዝማሪው ሲጀምር ግን የሴራሚኩ ወለልና ሰፋፊው መስታወት ድምፁን እያስተጋቡ ጨዋታችንን አቋረጡት። አዝማሪው አጠገባችን ቆሞ ሲያወድሰን እኔ የሰማሁት የማሲንቆውን ጩኸት ብቻ ስለነበር፣ ባለቤቴ ግጥሙን እየሳቀች በስልኳ ጽፋ አሳየችኝ። መነጋገር የሚፈልጉ ጥንዶች ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቢገቡ ይሻላል፤ ቤቱም ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ቢጨምር ማሚቶው ይቀንስለታል።